ዕጣ ቀድሞ የደረሰው፦ መግቦት፣ መታሰቢያና አደራ በፒዮሪያ ስትሪት

እግዚአብሔር ከሰው ጋር መኖሩና ለገባው ቃል ታማኝ መሆኑ በኢትዮጵያ ክርስትና ትምህርት የማይነጣጠሉ፣ ነገር ግን አንዱ በሌላው የማይተካ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያውን ሊቃውንቱ «ምሉእ በኩለሄ» በሚለው የግእዝ ሐረግ ይገልጹታል፤ ይኸውም አምላክ በሁሉ የመላ፣ ቦታ የማይወስነው፣ ከዚህ አለ ከዚያ የለም የማይባል ነው ማለት ነው። ሁለተኛው «መግቦት» ይባላል፤ ፈጣሪ ዓለምን ፈጥሮ እንዳልተወው፣ ይልቁንም ዕለት ዕለት እየመገበ፣ እየጠበቀና ወደ ፍጻሜው እየመራ መሆኑን የሚያስረዳ ቃል ነው። ፊተኛው ስለ ባሕርዩ፣ ኋለኛው ስለ ሥራው ይናገራል። አማኝ ሁለቱንም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያድጋል፣ በጸሎቱም ደጋግሞ ይላቸዋል፤ ስለዚህ የዚህ ዲስኩር ጥያቄ ትምህርቱ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሳይሆን፣ ሰው በትምህርት የተቀበለውን ነገር በተራ ቀን፣ የቤት ኪራይ መክፈያው በደረሰበት ሳምንት፣ ከሥራ ወደ ቤት በሚመለስበት መንገድ ላይ በምን ያውቀዋል የሚለው ነው።

ጥያቄው ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር በአንድ መንገድ ላይ ቢታይ ይሻላል። ፒዮሪያ ስትሪት በኮሎራዶ ግዛት ዴንቨርንና ኦሮራን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያያይዝ ሰፊ የመኪና መንገድ ሲሆን፣ በሞንትቤሎ ሰፈር አልፎ አውራ ጎዳና ቁጥር 70ን ያቋርጣል፣ በ2016 ሥራ የጀመረው የአየር ማረፊያ ባቡር ከሚቆምበት የፒዮሪያ ጣቢያ ይደርሳል፣ ሳንድ ክሪክ የተባለውን ወንዝ ይሻገራል፣ ከዚያም የአንሹትዝ የሕክምና ማእከልን በምሥራቅ ጎኑ ይዞ እስከ ኮልፋክስ ጎዳናና ከዚያም ወዲያ ይዘልቃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዴንቨር ከአክሱም፣ ኦሮራ ከአዳማ ጋር የእኅትማማች ከተሞች ስምምነት አላቸው፤ ይሁን እንጂ በዚህ መንገድና በአካባቢው የሚኖረውን፣ የሚነግደውንና ታክሲ የሚነዳውን ኢትዮጵያዊ ያመጣው ስምምነቱ አይደለም። የመንገዱ ገጽታ ለመንፈሳዊ ተመስጦ የሚጋብዝ አይመስልም፤ ነዳጅ ማደያ፣ ጎማ መጠገኛ፣ የአውቶቡስ ፌርማታና የትራፊክ መብራት የሚፈራረቁበት የሥራ መንገድ ነው። ስለ አምላክ ሊያስብ የሚሻ ሰው ዓይኑን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሮኪ ተራሮች ያነሣል እንጂ ወደ ነዳጅ ማደያው አይመለከትም፤ ነገር ግን «ምሉእ በኩለሄ» የሚለው ትምህርት እውነት ከሆነ ማደያው ከተራራው ያነሰ የአምላክ መገኛ ሊሆን አይችልም።

ከመንገዱ ሁሉ ይህን ጥያቄ አጥብቆ የሚያስነሣው ሕክምና ማእከሉ ነው። ስፍራው በ1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሳንባ በሽታና በመርዝ ጋዝ ለተጎዱ ወታደሮች የተቋቋመ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር፤ የዴንቨር ደረቅና ከፍተኛ አየር ለሳንባ ሕሙማን ይበጃል ተብሎ ይታመን ስለነበር ብዙዎች መድኃኒት ፍለጋ ወደዚያ ይጎርፉ ነበር። በ1920 በፈረንሳይ ምድር በቦምብ በሞተው ሐኪም መኮንን በፊትዝሲሞንስ ስም ተሰየመ፤ በ1955 ደግሞ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዴንቨር ሳሉ የልብ ሕመም ስለደረሰባቸው ሰባት ሳምንት ያህል ተኝተው የታከሙት በዚያ ነው። ሠራዊቱ በ1990ዎቹ ማብቂያ ከለቀቀው በኋላ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የሕፃናት ሆስፒታሉ ገቡበት። ዛሬ በአካባቢው ካሉ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መጦሪያዎች የሌሊቱን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ነርሶች፣ የነርስ ረዳቶችና የጽዳት ሠራተኞች ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ብዙ ጊዜ ሞትን በቅርብ ያያሉ፤ ጸሎቱ የተሰማለትንም ያልተሰማለትንም በአንድ ኮሪደር፣ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት ይጎበኛሉ። ስለ እግዚአብሔር ታማኝነት የሚነገር ነገር ሁሉ በዚያ ኮሪደር ሊቆም የሚችል መሆን አለበት፤ ካልቆመ የደላው ሰው ንግግር ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ሰው የእግዚአብሔርን አብሮነት ስለሚያውቅበት ጊዜ ሲናገር አንድ ጎልቶ የሚታይ አካሄድ አለው፤ ዕውቀቱ በአብዛኛው የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ሙሴ የአምላክን ክብር ለማየት በለመነ ጊዜ የተፈቀደለት ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ማየት ነው፤ በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ይህን ሲተረጉም የአምላክን ጀርባ ማየት ማለት እርሱን መከተል ማለት እንደሆነ ያስተምራል፤ የሚከተል ሰው የመሪውን ጀርባ እንጂ ፊቱን አያይምና። ወደ ኤማኁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርትም መንገዱን በሙሉ ከትንሣኤው ጌታ ጋር ሲነጋገሩ ውለው ያወቁት በማዕድ ላይ እንጀራውን ሲቆርስ ነው፤ ያን ጊዜም ተሰወረባቸውና የቀራቸው ወደ ኋላ ተመልሶ በመንገድ ላይ ልባቸው ምን ይመስል እንደነበር ማስታወስ ብቻ ሆነ። ኢያሱ ዮርዳኖስን ከተሻገረ በኋላ አሥራ ሁለት ድንጋይ ከወንዙ አስወጥቶ ያቆመው፣ ልጆች በኋላ ዘመን ይህ ምንድር ነው ብለው እንዲጠይቁ ነው። ከነዚህ ታሪኮች የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው፦ የእግዚአብሔርን ታማኝነት ማወቅ በቅጽበት የሚመጣ ስሜት ሳይሆን በትዕግሥት የሚገነባ ትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጠባቂ በቀን አቆጣጠሯ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ወሩ ሠላሳ ቀን ሲሆን እያንዳንዱ ቀን መታሰቢያ አለው፤ በ5 አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ28 አማኑኤል ይታሰባሉ። ይህ አሠራር «ዝክር» ይባላል፤ ቃሉ መታሰቢያን ሲያመለክት፣ በሕዝቡ ዘንድ በቅዱሱ ስም የሚዘጋጀውን ጠላና ዳቦ፣ ለድሃ የሚሰጠውንም ምግብ ይጨምራል። ዘካሪዎቹ «ማኅበር» ሠርተው በየወሩ በየተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ደግሶ ያበላል፣ በመጨረሻም «ጽዋ» የተባለው የማኅበሩ ዕቃ ለሚቀጥለው ባለ ተራ ይተላለፋል። ጽዋውን የተቀበለ ሰው በወሩ ቢታመምም ቢያዝንም ተራው ተራው ነው፤ ማኅበርተኞቹ ይረዱታል እንጂ አይቀርም። አማኙ ያለፈውን ወር መለስ ብሎ እንዲያይ፣ አብረውት ከነበሩት መካከል ማን እንደጎደለ፣ ማን እንደዳነ፣ ማን ልጅ እንደወለደ እንዲቆጥር የሚያስገድደው ይህ ሥርዓት ነው።

በኦሮራ ወይም በሞንትቤሎ ባለ የኢትዮጵያዊ አፓርታማ ውስጥ ይህ ሥርዓት ከምን ጋር እንደሚታገል የማቀዝቀዣው በር ያሳያል። በአንድ በኩል በዓላቱ በቀይ የታተሙበት የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ በማግኔት ተለጥፏል፤ በሌላው በኩል የባልና የሚስት የሥራ ፈረቃ የተጻፈበት ወረቀት፣ ከሥሩም የልጆቹ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ አለ። ሁለቱ ወረቀቶች ሲጋጩ የሚሸነፈው ሁልጊዜ ቀን መቁጠሪያው ነው። ማኅበሩ ረቡዕ የዋለውን ሚካኤል ወደ እሑድ ያዛውረዋል፤ ይህ በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም፣ ስደት ብዙ ነገር ያዛውራል። የሚያሳስበው እሑድም የሚሠራው ሰው ነው። ቅዳሜና እሑድ የሚከፈለው ትርፍ ሰዓት ስለሚያጓጓው ወይም ኪራዩ ስለሚያስገድደው ከማኅበሩ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ በኋላም ጨርሶ የቀረ ሰው እምነቱን አልካደም፤ ነገር ግን ከእርሱ ጋር ሆኖ የሚያስታውስለት ሰው አጥቷል። በባዕድ አገር የእግዚአብሔርን መግቦት የሚያስረሳው ብዙ ሰባኪዎች እንደሚሉት ክህደትና ቅንጦት ሳይሆን ድካም ነው፤ ይህን ሳይረዳ የሚወቅስ ስብከት የሚያሸሸው ከማንም ይልቅ የደከመውን ነው።

ጊዜን ለአምላክ የመስጠት ጥበብ በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አለው። በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ተወልዶ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ብዙ መጻሕፍትን የደረሰው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ከጻፋቸው መካከል መጽሐፈ ሰዓታት ይገኛል፤ «ሰዓታት» ማለት ሌሊቱንና ቀኑን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ጸሎትና ምስጋና የሚመድብ የአገልግሎት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ገዳምን ታሳቢ ያደረገ ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው አሳብ ከገዳም ውጭም ይሠራል፦ አምላክ የማይገኝበት ሰዓት ከሌለ ሌሊቱ ለእንቅልፍ ብቻ የተተወ አይደለም። ከኢትዮጵያ ውጭም ተመሳሳይ አሳብ የያዙ ነበሩ። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በፓሪስ በአንድ የቀርሜሎሳውያን ገዳም ወጥ ቤት ያገለግል የነበረው ወንድም ሎሬንስ በድስትና በሳሕን መካከል ሆኖ የሚያደርገው የልብ ጸሎት በቤተ መቅደስ ከሚደረገው እንደማያንስ ያስተምር ነበር፤ ትምህርቱ ከሞተ በኋላ ተሰብስቦ በመላው ዓለም ተነብቧል። ወንድም ሎሬንስ ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ከወጥ ቤቱ ሲወጣ የሚጠብቀው ማኅበር ነበረው። የፒዮሪያ ስትሪቱ ሠራተኛ ያን አላገኘም።

ያም ሆኖ ሥርዓቱን በራሱ መንገድ የሚቀጥል አለ። ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ የመኪና ማቆሚያ የምትወጣ የሌሊት ሠራተኛ ሞተሩን ከማስነሣቷ በፊት በመቀመጫዋ ላይ እንዳለች፣ የሥራ ልብሷን ሳትለውጥ፣ ከኋላ ወንበር ነጠላዋን ስባ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የዘወትር ጸሎቷን ታደርሳለች፤ ስልኳ ላይ ውዳሴ ማርያም ተከፍቷል፣ መስተዋቱ በትንፋሽዋ ጉም ለብሷል። አጠገቧ ባለው መኪና ውስጥ ሌላው ሙስሊም የአገሯ ሰው ሱብሒን፣ የንጋቱን ሶላት፣ ሰግዶ ጨርሶ ይሆናል፤ በኢትዮጵያ ከተሞች ሁለቱ ድምፆች ጎን ለጎን እንደሚሰሙ ሁሉ በዚያም ጎን ለጎን ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ይህን አይቶ ጸሎት ተዋረደ ሊል ይችል ይሆናል። ይህ ዲስኩር ግን የሚለው በተቃራኒው ነው፤ አባ ጊዮርጊስ ሌሊቱን ለጸሎት ሲከፋፍል የደከመው እንዲህ ያለ ሰው እንዲኖር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ የከበደ ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት «ምስክርነት» የሚባል ልማድ አለ፤ ምእመኑ በጉባኤ ፊት ቆሞ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል፣ ጉባኤውም አብሮት ያመሰግናል። በኦርቶዶክሳውያኑ ዘንድ የዚህ አቻ «ስለት» ነው፤ ሰው በችግሩ ጊዜ ቃል የገባውን ነገር ጉዳዩ ሲፈጸምለት ለታቦቱ ያገባል። ራስ መኮንን የቁልቢ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ በተሳሉት ስለት መሠረት እንደሆነ በትውፊት ይነገራል፤ ዛሬም በታኅሣሥ 19 በቁልቢ ስለት ከሚያስገቡት መካከል ከአሜሪካ የሄዱ ብዙዎች ናቸው። ሁለቱም ልማዶች መልካም ናቸው፤ ምስጋናን ከግል ልብ አውጥተው የሕዝብ ትዝታ ያደርጓታል። ነገር ግን ሁለቱም በስደት አገር አንድ ዝንባሌ ያሳያሉ፤ የሚመሰከርለት ነገር ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ ወደ ዲቪ፣ ወደ መኖሪያ ፈቃድ፣ ወደ ቤት ግዢና ወደ ልጆች ምረቃ ብቻ ይሰበሰባል። «እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም» የሚለው ተረትም በዚህ መንፈስ ሲነገር የድግሱ ትርጉም የታወቀ ሆኖ ያርፈዋል።

ዲቪ በ1990 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የተቋቋመና በየዓመቱ እስከ 55,000 ቪዛ እንዲታደልበት የተፈቀደ ዕጣ ነው፤ የሚያመለክተው ሕዝብ ግን በሚሊዮን ይቆጠራል። እግዚአብሔር ዲቪ ሰጠኝ የሚል ሰው ከዚህ ቁጥር ጋር ፊት ለፊት መቆም አለበት። ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማቾች ሞልተው አንዱ ደርሶት ሌላው ቀርቶ ከሆነ፣ ለቀረው ወንድም አምላክ ታማኝ አልነበረም ማለት ነውን? ማንም አማኝ በዚህ ጥያቄ ላይ አዎን አይልም፤ በልምድ ግን ብዙ ምስክርነት አዎን እንዳለ ሆኖ ይሰማል፣ የቀረው ወንድምም በስልክ ሲሰማው እንደዚያው ይገባዋል።

ትውፊቱ ለዚህ ስሕተት መልስ አለው፤ ያውም በዚያው በታኅሣሥ 19 በዓል ውስጥ። በቁልቢ የሚታሰበው ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን፣ ማለት በባቢሎን እቶን የተጣሉትን ሦስቱን ወጣቶች፣ ያወጣው መልአክ ነው። ምእመኑ የሚያስታውሰው መዳናቸውን ነው፤ ታሪኩ ግን ወጣቶቹ ከመዳናቸው በፊት ለንጉሡ የሰጡትን መልስ አጥብቆ ይዟል። አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናግረው፣ ባያድናቸው እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ አስታወቁ። እምነታቸው የተጠናቀቀው በዚያች ቃል ነው፤ ከእሳቱ መውጣታቸው በኋላ የመጣ ነው።

የኢትዮጵያ የቅርብ ዘመን ታሪክም ሰማዕትነትን በኦርቶዶክሱም በወንጌላዊውም ወገን አሳይቷል። በ1979 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በእስር ቆይተው በደርግ ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአዲስ አበባ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘውና በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ቄስ ጉዲና ከመገደላቸው በፊት ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን መሪ ሆነው መንጋቸውን ጥለው መሄድን አልወደዱም። የእግዚአብሔር ታማኝነት መውጫ በማግኘት ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው መውጫውን የናቀ ይሆን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ግን የምታስበው እንደዚያ አይደለም። በስደት ያለው ኢትዮጵያዊ ምስጋናውን ሲያቀርብ ይህን ቢያስታውስ ምስጋናው አይቀንስም፤ ይጠራል።

እንግዲህ ዕጣ የደረሰው ሰው ምስጋናውን እንዴት ይያዘው? ለዚህ በኢትዮጵያውያን መካከል ከዲቪ በፊት የኖረ ሌላ ዕጣ አለ፤ እርሱም እቁብ ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ የታወቀው ይህ የቁጠባ ማኅበር በኦሮራም አልጠፋም፤ አባላት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ ይጥላሉ፣ የተሰበሰበው በዕጣ ለአንዱ ይሰጣል፣ ዳኛና ጸሐፊ ይኖረዋል፣ ዕጣ የወጣለትም ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋስ የሚያስፈልግበት ምክንያት የነገሩ ቁልፍ ነው። ቀድሞ የደረሰው ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለዕዳ ነው፤ ዕጣው ለመጨረሻው አባል እስኪደርስ ድረስ ሳያጓድል መጣል አለበት፣ ካጓደለ «እቁብ በልቶ ጠፋ» ይባላል፣ ከዚህ የከፋ ስም በንግድ ሰፈር የለም። በዲቪ ዕጣ ግን የደረሰው ለቀረው ምንም ዕዳ የለበትም፤ ሕጉ ያንን አይጠይቀውም። አማኝ መግቦትን የሚመለከትበት መንገድ ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚቀርብ መወሰን አለበት። መጽሐፍ ቅዱስ ወንድሞቹ የሸጡትን ዮሴፍን እግዚአብሔር በግብፅ ከፍ ያደረገው ለራሱ ለዮሴፍ ሳይሆን ብዙ ሕዝብ በረኀብ እንዳያልቅ ነው ብሎ ይተርካል፤ ይህ ከእቁቡ ወገን ነው። ከፒዮሪያ ስትሪት ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ሐዋሳ የሚላከው ገንዘብም ብዙውን ጊዜ እንደ ምጽዋት ሲቆጠር ይሰማል፤ እንደ እቁብ ክፍያ ቢቆጠር የላኪውም ትዕቢት የተቀባዩም ሐፍረት ይቀንስ ነበር።

የሩት መጽሐፍ ይህንኑ ከሌላ ጎን ያሳያል። ሩት ስደተኛ መበለት ናት፤ በባዕድ እርሻ ላይ አጫጆች የጣሉትን ቃርሚያ እየለቀመች አማቷን ኑኃሚንን ትመግባለች። በመጽሐፉ ውስጥ ባሕር አይከፈልም፣ መልአክ አይገለጥም፤ ቦዔዝ እርሻ ላይ የደረሰችውም እንዲያው በአጋጣሚ እንደሆነ ተራኪው ይናገራል። ቦዔዝ ሩትን አይቶ እግዚአብሔር ሥራዋን እንዲከፍላት ይመርቃታል፤ ታሪኩ ወደ ፊት ሲሄድ ግን የምርቃቱ መልስ ራሱ ቦዔዝ ሆኖ ይገኛል። የዕብራይስጡ የአስቴር መጽሐፍ ከዚህም አልፎ የእግዚአብሔርን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አያነሣም፤ በኢትዮጵያ የሚነበበው የግእዙ አስቴር የግሪኩን ጭማሪ ስለያዘ ስሙ አለበት፣ አንባቢውም ይህን ልዩነት ልብ አይለውም። ሁለቱ መጻሕፍት መግቦት ስሙን ሳያስጠራ በሰው እጅ ሊሠራ እንደሚችል ይመሰክራሉ።

ይህ በፒዮሪያ ስትሪት አካባቢ ከምንም በላይ የሚታየው በለቅሶ ቤት ነው። መርዶው ከአገር ቤት በሌሊት በስልክ ይመጣል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ሥር ጫማ ተደርድሯል፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ተጣጣፊ ወንበሮች በረንዳው ላይ ተዘርግተዋል፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ አንዷ ንፍሮ ታወጣለች፣ ሌላዋ የወረቀት ሳሕን ትፈታለች፣ የቡናው ጀበና አይቀዘቅዝም። ከታክሲ ሥራው ቀጥታ የመጣ ሰው ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ተቀምጦ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ይወጣል፤ ሌላው በወንበሩ ይተካል። ሐዘንተኛዋን ማንም ብቻዋን አይተዋትም፣ ማንም ስለ ሞት ትርጉም አይሰብክላትም። ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ሦስቱ ጓደኞች መልካም የሠሩት ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ በተቀመጡበት ጊዜ ነበር፤ የተሳሳቱት መናገር ሲጀምሩ ነው። ሐበሻ በለቅሶ ቤት ከኢዮብ ጓደኞች የተሻለ ሥነ መለኮት አለው፤ ይህን ያለ ማጋነን መናገር ይቻላል። በ2020 ወረርሽኙ ይህን ልማድ ለወራት በከለከለ ጊዜ ሰው በስልክ ሲላቀስ የደረሰበት ሥቃይ፣ የአምላክን አብሮነት ያውቅ የነበረው በምን እንደነበር ገልጦ አሳይቷል።

አንድ ጉድለት ግን ሳይነሣ አይታለፍም። በዚህ አካባቢ የተወለዱት ልጆች አማርኛ ቢሰሙም በለቅሶ ቤቱ ጥግ ስልካቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ አቤኔዘር ወይም ተመስገን ተብሎ ስም የወጣለት ልጅ ወላጆቹ ስሙን ሲያወጡ ምን አይተው እንደነበር ብዙ ጊዜ አልተነገረውም። የ1980 የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በሩን ከከፈተ በኋላ ከሱዳን መጠለያዎች፣ ከገዳሪፍና ከኡም ራኩባ ተነሥተው ወደ አሜሪካ ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል በዴንቨር አካባቢ የሰፈሩ አሉ፤ በበረሃው በእግር የተጓዙበት ሌሊት፣ በመንገድ የቀበሩት ጓደኛ፣ ውኃ የሰጣቸው ስሙን የማያውቁት የሱዳን እረኛ በአብዛኛው በቃል ብቻ ያለ ትዝታ ነው። ኢያሱ ድንጋይ ያቆመው ለዚህ ነበር።

ስለዚህ ለታዳሚው የሚቀርበው ልመና ሦስት ነገር ይዟል። የማኅበራት ሰብሳቢዎች ከተረኞቹ መካከል በሌሊት የሚሠሩትን ጠይቀው ቢያንስ ከወሩ አንዱን ጸሎትና ዝክር በእነርሱ ሰዓት፣ ከፈረቃ በኋላ ጠዋት ላይ ያድርጉ፤ ጠላው በቡና ቢተካ ቅዱሱ አይቀየምም። በጉባኤ ምስክርነት የሚያስተናግዱ አገልጋዮች የተሳካላቸውን ብቻ ሳይሆን ዛሬም ደጅ የሚጠኑትን፣ የልመናቸው መልስ ያልመጣላቸውን ሰዎች ተራ ይስጡ፤ ጉባኤው የሚጸናው በእነርሱም ቃል ነው። አረጋውያን ያሉበት ቤት ሁሉ ደግሞ የልጅ ልጆቹ ስልካቸውን ለዚህ አውለው አያቶቻቸው የመጡበትን መንገድ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይቅረጹ፤ ሥራው ዘንድሮ ይጀመር። በ1980 በሠላሳ ዓመቱ ገዳሪፍ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባውን አጋምሷል።